ያማረውን እሳት ስለ መመልከት

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው ሕዋሳት ሁሉ በቶሎ የማይጠግበው ዓይን ነው። ሆድ ከሞላ በኋላ ማዕዱን ይገፋል፤ ጆሮም ደጋግሞ የሰማውን ነገር ይሰለቻል፤ ዓይን ግን አንዱን አይቶ ሳይጨርስ ወደ ሌላው ይሄዳል። የሚያየውም ነገር ያማረ እንደሆነ፣ ክፉ ነው ወይስ ደግ ነው ብሎ አስቀድሞ አይጠይቅም። ሌሊት ከተራራ ማዶ ቤት ሲቃጠል ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። እሳቱ ጨለማውን ሲያበራው አስቀድሞ «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው «የማን ቤት ይሆን?» ብሎ የሚደነግጠው። በነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ያለችው ጥቂት ጊዜ የሰው ልብ የሚመዘንባት ጊዜ ናት። ዛሬም ልጽፍ ያሰብሁት ስለዚህችው ጥቂት ጊዜ ነው።

ጥያቄው እንዲህ ነው። በራሱ ሞትና ጥፋት የሆነውን ነገር በሥዕል አሳምሮ ማሳየት ይገባልን? እርሱንስ ተቀምጦ እያዩ መደነቅ ነውር አይሆንምን? ከመምህራን ብዙዎቹ፣ ሲኒማ ዓይንን የሚያጠግብ መስሎ ልብን የሚያስርብ ነገር ነው ብለው ያስጠነቅቃሉ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ደም እንደ ጌጥ የሚፈስበት፣ ሞት እንደ ጨዋታ የሚቆጠርበት ፊልም ሞልቷል፤ ይህንንም አዘውትሮ የሚያይ ወጣት የሰው ሥቃይ ሲያጋጥመው የማይደነግጥ ይሆናል ብሎ መስጋት የአባት ስጋት ነው። ነገር ግን ሁሉን በአንድ ሚዛን መመዘን ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ዓይንን አስደስቶ ልብን የሚያስተኛ ውበት እንዳለ ሁሉ፣ ዓይንን ይዞ ልብን የሚቀሰቅስ ውበትም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የሚቻለውም በቃል ብቻ በመከራከር ሳይሆን፣ አንድ ሥራ ወስዶ በትዕግሥት በመመርመር ነው።

ለዚህ ምርመራ የመረጥሁት «ራን» የሚባለውን የጃፓን ፊልም ነው። ቃሉ በጃፓን ቋንቋ ሁከት፣ ትርምስ፣ የሥርዓት መፍረስ ማለት ነው። የሠራው አኪራ ኩሮሳዋ ሲሆን፣ ለሕዝብ የታየው በ1985 ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ኩሮሳዋ በ1910 ተወልዶ በ1998 ያረፈ ሰው ስለሆነ፣ ይህን ሥራ የፈጸመው በ75 ዓመቱ ነው። ገንዘብ የሚሰጠው ሰው በማጣቱ ሐሳቡን ይዞ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ሁሉ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በልቡ ያለውን ትዕይንት አንድ በአንድ በወረቀት ላይ በቀለም ይሥል ነበር እንጂ። በመጨረሻ በፈረንሳይ አገር ፊልም የሚያሠራው ሰርዥ ሲልበርማን ገንዘቡን አገኘለት። ሥራው በተጀመረ ጊዜ ግን የሽማግሌው ዓይን ደክሞ ነበር፤ ገና ሳያልቅም ሚስቱ ሞተችበት።

ስለ ውበቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በአሶ ተራራ ዙሪያ የተዘረጋው አረንጓዴ መስክ፣ በሰማዩ ላይ የሚከመረው ደመና፣ የሂሜጂ ግንብ ነጭ ግድግዳ፣ የኩማሞቶም ጥቁር ግድግዳ፣ ሁሉም በየተራው ዓይንን ይማርካል። ሠራዊቱ በቀለም የተለየ ነው፤ የታላቁ ልጅ ጭፍራ ቢጫ፣ የመካከለኛው ቀይ፣ የታናሹ ሰማያዊ ባንዲራ ይዞ በነፋስ ውስጥ ሲጋልብ፣ ሜዳው የተነጠፈ ሐር ይመስላል። ለጦረኞቹ ወደ 1,400 የሚጠጋ የጦር ልብስ ተሠርቷል፤ ልብሱን ያዘጋጀችው ኤሚ ዋዳም በዚህ ሥራዋ በ1986 ኦስካር የሚባለውን የአሜሪካንን የሲኒማ ሽልማት ተቀብላለች። በፉጂ ተራራ ተዳፋት ላይም አንድ ትልቅ ግንብ ታነጸ፤ የታነጸውም እንዲቃጠል ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ሁሉ ድካምና ይህ ሁሉ ቀለም የዋለው የአንድን ቤት ጥፋት ለማሳየት ነውና።

ታሪኩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ሂዴቶራ ኢቺሞንጂ የተባለ 70 ዓመት የሆነው የጦር መስፍን፣ መሳፍንት እርስ በርሳቸው ይዋጉ በነበረበት ዘመን የጎረቤቶቹን ግንብ እያቃጠለ፣ ሰዎቻቸውንም እየፈጀ ሰፊ አገር ያዘ። ከዕለታት አንድ ቀን ከእንግዶቹና ከልጆቹ ጋራ የዱር እርያ ሲያድን ውሎ፣ በኮረብታው ላይ እንደ ተቀመጠ እንቅልፍ ወሰደው። በነቃም ጊዜ ሥልጣኑን ለታላቁ ልጁ ለታሮ እንደሚሰጥ፣ ሁለተኛውን ግንብ ለጂሮ፣ ሦስተኛውንም ለሳቡሮ እንደሚያካፍል፣ ለራሱ ግን የታላቅነቱን ስምና 30 ጭፍራ ብቻ እንደሚያስቀር ተናገረ። ለየልጆቹም አንድ አንድ ፍላጻ ሰጥቶ ስበሩት አለ፤ ሰበሩት። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጎ ስበሩት ባለ ጊዜ ታላላቆቹ አቃታቸው። ታናሹ ሳቡሮ ግን ሦስቱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበራቸው፤ አባቱንም፣ አንተ ዕድሜህን ሁሉ ያለ ምሕረት ደም ስታፈስ ኖረህ፣ እኛ በዚያ ዘመን የተወለድን ልጆችህ እንዴት የታመንን እንሆናለን ብለህ ታስባለህ አለው። አባትየው ተቈጣ፤ ልጁንም፣ ስለ ልጁ የተናገረውን ታማኝ ሎሌውን ታንጎንም ከአገር አባረራቸው።

የፍላጻው ምሳሌ በእውነት በጃፓን አገር የሚነገር ነው። ከ1497 እስከ 1571 የኖረው ሞሪ ሞቶናሪ የተባለው መስፍን ሦስት ልጆቹን አንድነት ያስተማረበት ነው ይባላል። ኩሮሳዋም የተነሣው ከዚህ ነው፤ የዚያ ሰው ልጆች ደጎች ባይሆኑ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብሎ ጠየቀ። ነገሩ እየሰፋ ሲሄድ የእንግሊዙ ባለቅኔ ሼክስፒር ስለ ንጉሥ ሊር ከደረሰው ጋራ ገጠመ። ነገር ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሼክስፒር ንጉሡ መንግሥቱን በምን መንገድ እንዳገኘው አይነግረንም፤ ኩሮሳዋ ግን ይህን መጠየቁን አልተወም። ስለዚህ የጃፓኑ ሽማግሌ በልጆቹ የተበደለ አባት ብቻ አይደለም፤ የዘራውን የሚያጭድ ገበሬ ነው እንጂ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አንባቢ ሊገምተው ይችላል። ታላቁ ልጅ አባቱን አዋረደው፤ ሁለተኛውም በሩን ዘጋበት። የታሮ ሚስት ካኤዴ፣ አባቷንና ወንድሞቿን የገደለባት ይህ ሽማግሌ ስለሆነ፣ በተወለደችበት ግንብ ተቀምጣ ቤቱ እንዲፈርስ ሌት ተቀን ትሠራለች። ሽማግሌው ወደ ሦስተኛው ግንብ በገባ ጊዜ የሁለቱ ልጆቹ ሠራዊት ከበበው፤ ሰዎቹም ዕቁባቶቹም በፊቱ አለቁ። እርሱ ግን ራሱን ሊገድልበት የሚችል ሰይፍ እንኳ አጥቶ ከሚቃጠለው ግንብ ብቻውን ወጣ፤ አእምሮውም ተለወጠ። ከአጫዋቹ ከኪዮአሚና ከታማኙ ከታንጎ ጋራ በነፋስና በዝናብ ውስጥ ሲንከራተት ቈይቶ፣ ሳቡሮ ሊፈልገው መጣ። አባትና ልጅ ታረቁ፤ በአንድ ፈረስ ላይ ሆነው እየተጨዋወቱ ሲሄዱ ግን ከሩቅ የተተኰሰ ጥይት ልጁን ገደለው፤ አባትየውም በልጁ ሬሳ ላይ ወድቆ በሐዘን ሞተ።

ይህ ፊልም ከባድ ነው። ጀምሮ የሚተወው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ርዝመቱ 2 ሰዓት ከ42 ደቂቃ በመሆኑ ብቻ አይደለም። የሥዕል ማንሻው መሣሪያ ከሰዎቹ ርቆ ስለሚቆም፣ ብዙ ጊዜ ፊታቸውን አቅርቦ አያሳየንም። የሽማግሌውም ፊት «ኖ» በተባለው በጥንቱ የጃፓን ቴአትር የሚለበሰውን ጭንብል እንዲመስል ተደርጎ የተቀባ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ግን፣ ተመልካቹ ተጠግቶ የሚያርፍበት ሰው ማጣቱ ነው። ለሽማግሌው እንዳናዝን የሠራው ግፍ ይከለክለናል፤ እንዳንጠላው ደግሞ ውርደቱ ይከለክለናል። ካኤዴን ክፉ ናት ብለን እንዳንጨርስ፣ የአባቷን ቤት ያጠፋው ማን እንደሆነ እናስታውሳለን።

በአገራችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሣሉ አባቶች በዚህ ነገር ለተመልካች ረድተውታል። ጻድቃንን ሲሥሉ ፊታቸውን በሙሉ፣ ሁለቱን ዓይናቸውን ገልጠው ይሥላሉ፤ ከሓድያንንና ጨካኞችን ግን ወደ ጎን መልሰው በአንድ ዓይን ያሳያሉ። መጻሕፍት ያልተማረ ሰው እንኳ ወደ ግድግዳው ቀና ሲል ማንን መውደድ፣ ማንን መሸሽ እንደሚገባው ወዲያው ያውቃል። ይህ መልካም ትምህርት ነው። የኩሮሳዋ ሰዎች ግን ሁሉም ባለ ሁለት ዓይን ናቸው። ገዳዩም ተገዳዩም ሙሉ ፊቱን ይዞ ይመጣል፤ ለይቶ የማወቁም ድካም በእኛ ላይ ይወድቃል። የአባቶች ሥዕል የፍርዱን ፍጻሜ ያሳየናል፤ ይህ ፊልም ግን ፍርዱ ገና ሳይሰጥ በሰዎች መካከል ያቆመናል። እኛም ዕለት ዕለት የምንኖረው በዚህ በሁለተኛው ቦታ ነው፤ ጎረቤታችን በአንድ ዓይን ተሥሎ አይመጣልንምና።

አሁን ወደ እሳቱ እንመለስ። የሦስተኛው ግንብ ውጊያ ሲጀመር የፈረሱ ኮቴ፣ የጠመንጃው ተኩስ፣ የቁስለኛውም ጩኸት በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የሚሰማው ቶሩ ታኬሚትሱ የደረሰው የሐዘን ሙዚቃ ብቻ ነው። ቢጫና ቀይ ባንዲራ በጢስ ውስጥ ይወዛወዛል፤ ፍላጻ እንደ ዝናብ ይወርዳል፤ ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ይጮኻሉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው አይሰማም። ዕቁባቶቹ እርስ በርሳቸው በጩቤ ሲወጋጉ፣ የተቈረጠ ክንዱን የያዘውም ወታደር ግራ ተጋብቶ ሲቆም እናያለን። ብዙ ጊዜ እንዲህ ከቈየ በኋላ ድንገት አንድ ጥይት ይጮኻል፤ ታሮም በገዛ ወንድሙ ሰው ተመትቶ ከፈረሱ ይወድቃል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ የጦርነቱ ጩኸት ሁሉ ተመልሶ በጆሯችን ላይ ይወርድብናል።

የሚከራከረኝ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል። «ጩኸቱን ማጥፋት ሥቃዩን መደበቅ አይደለምን? ሙዚቃ ሲጨመርበትስ እልቂቱን ማጣፈጥ አይሆንምን?» እኔም አስቀድሜ እንዲህ አስቤ ነበር። ነገር ግን በደንብ ለተመለከተው ነገሩ ተቃራኒ ነው። የጦርነት ጩኸት ሰውን ያሰክራል፤ ነጋሪትና መለከት የተሠራው ስለዚህ ነው። ጩኸቱ በሚሰማበት ጊዜ ተመልካቹ ከአንዱ ወገን ሆኖ ይዋጋል፤ ማን ያሸንፍ ይሆን ብሎም ይቸኵላል። ጩኸቱ በተወሰደ ጊዜ ግን የሚያሸንፈው ወገን ይጠፋል፤ የሚቀረው የሚሞተው ሰው ብቻ ነው። ቢጫውና ቀዩም ከላይ ሲታዩ ያው አንድ የአባት ልጆች ናቸው። ኩሮሳዋ ውበቱን ያመጣው ዓይናችንን ከዚያ ነገር እንዳናነሣ ለመያዝ ነው፤ ዓይናችን በውበቱ ተይዞ ሳለ ልባችን የሚያየውን ነገር ያውቃል። በእሳቱ ፊት «እንዴት ያምራል!» ባልንበት አፍ፣ የተኩሱ ድምፅ ሲመለስ «የማን ቤት ይሆን?» እንድንል ያስገድደናል። ክፉው ውበት በመጀመሪያው ቃል ላይ ያስቀረናል፤ መልካሙ ግን ወደ ሁለተኛው ያሻግረናል። የሁለቱ መለያ ይህ ይመስለኛል።

ይህ ሰው እንዲህ ማየትን የተማረበትን ቀን ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ነግሮናል። በመስከረም 1923 በቶክዮ አገር ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሆነ፤ ከተማዪቱም ተቃጠለች፤ ሬሳውም ስፍር ቍጥር አልነበረውም። ኩሮሳዋ ያን ጊዜ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ታላቅ ወንድሙ እጁን ይዞ በፍርስራሹ መካከል አዞረው፤ ልጁ ፊቱን ሊያዞር ባለ ጊዜም ደኅና አድርገህ ተመልከት ብሎ አስገደደው። ማታ ልጁ ቅዠት ሳይመጣበት በማደሩ ተገርሞ ቢጠይቀው፣ ወንድሙ፣ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው የሚያስፈራ ነገር፣ አቅንቶ ለሚያየው አያስፈራም የሚል መልስ ሰጠው። በሽማግሌነቱ ዘመን ዓይኑ የደከመው ይህ ሰው እኛንም እጃችንን ይዞ በፍርስራሽ መካከል ያዞረን ይመስለኛል።

እውነትም የዚህ ፊልም ነገር ሁሉ ስለ ዓይን ነው። ሂዴቶራ የአንድን መስፍን ቤት ባጠፋ ጊዜ ልጁን ጹሩማሩን ከሞት ምሮ ዓይኖቹን አወጣቸው፤ እኅቱን ሱኤንም ለጂሮ ሚስት አድርጎ ሰጣት። ሽማግሌው አብዶ በዝናብ ሲሸሽ የተጠጋባት ትንሽ ጎጆ የዚያ የዕውር ቤት ሆና ተገኘች። ዕውሩ በቤቱ ውስጥ ለእንግዳ የሚሰጠው ሌላ ነገር ስላልነበረው ዋሽንቱን አንሥቶ ነፋለት፤ ያንንም ድምፅ ሽማግሌው ሊታገሠው አልቻለም። ዓይን የነበረው መስፍን ዕድሜውን ሁሉ ያላየውን ነገር፣ ዓይኑን ያጠፋበት ሰው አሳየው።

የመጽሐፈ ሳሙኤልን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ዳዊትን ማስታወሱ አይቀርም። ዳዊትም በኦርዮ ላይ ያደረገው ግፍ ወደ ገዛ ቤቱ ተመልሶበት፣ ወንድም ወንድሙን ሲገድል፣ ልጅም በአባቱ ላይ ሲነሣ አይቷል። ነገር ግን ናታን ምሳሌ ይዞ በመጣ ጊዜ ዳዊት ምሳሌውን ሰማ፤ ነቢዩን አላባረረውም፤ በገዛ አፉም በደሉን አመነ። ለሂዴቶራም ናታን ተልኮለት ነበር፤ እርሱም ፍላጻዎቹን የሰበረው ታናሽ ልጁ ነው። ሽማግሌው ግን እውነትን የተናገረውን አባርሮ፣ ያቈላመጡትን አስቀረ። የዚህ ሁሉ ጥፋት በር የተከፈተው ጦር በተማዘዙበት ቀን ሳይሆን፣ በዚያ ባማረው ኮረብታ ላይ፣ ፀሐይ በሞቀበት ሰዓት፣ አባት የልጁን ቃል መስማት እንቢ ባለ ጊዜ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ። ሽማግሌው ገና በጤናው ሳለ ወደ ሱኤ ሄዶ ነበር። ቤተ ሰዎቿን የፈጀባትን ሰው ያለ ቂም ስትመለከተው ባየ ጊዜ፣ በጥላቻ ብታዪኝ ይቀለኝ ነበር የሚል ነገር ተናገራት። ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። ጥላቻ ዕዳን የሚከፍል ገንዘብ ይመስላል፤ የበደልነው ሰው ሲጠላን ሒሳቡ የተቀራረበ ይመስለናልና። ይቅርታ ግን ዕዳውን ሁሉ በእጃችን ላይ ትቶልን ይሄዳል። ስለዚህ ካኤዴ በበቀል ቤቱን አፈረሰችው፤ ሱኤ ግን ያለ ሰይፍ የሽማግሌውን ልብ ወጋችው። በዓለም ዓይን ያሸነፈችው ካኤዴ ናት፤ ሱኤም በእርስዋ ምክር ተገደለች። ነገር ግን የበቀል ትርፍ ምን እንደሆነ ፊልሙ አልደበቀም፤ ካኤዴም የተመኘችውን ጥፋት እንዳየች በዚያው ቤት በሰይፍ ወደቀች፤ ደሟም በግድግዳው ላይ ተረጨ።

በመጨረሻ አባትና ልጅ ሞተው በተጋደሙበት፣ አጫዋቹ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፣ እናንተ በላይ ያላችሁት በሰው ለቅሶ የምትጫወቱ ናችሁ እያለ ይራገማል። ታንጎም ገሠጸው፤ በላይ ያሉት እያለቀሱ ነው፤ ሰው ከደስታ ይልቅ ኀዘንን፣ ከሰላምም ይልቅ መገዳደልን ሲመርጥ ከገዛ ሞኝነቱ ሊያድኑት አይችሉም የሚል መልስ ሰጠው። ይህን የሚናገሩት የቡድሃን ሃይማኖት የሚከተሉ ሰዎች ናቸው፤ እኛ የምናመልከውን አምላክ አያውቁትም። ቢሆንም ቃላቸውን በንቀት ልናልፈው አይገባም። እኛም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ያለቀሰውን፣ ኢየሩሳሌምንም በሩቅ አይቶ ያለቀሰላትን ጌታ እናውቃለን። ልዩነቱ፣ የእኛ ጌታ ከላይ ሆኖ አልቅሶ የቀረ ሳይሆን፣ ወዳለቀሰላት ከተማ ገብቶ የሞተ መሆኑ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የምንኰራበት ሳይሆን የምንጠየቅበት ነው። ለቅሶውን እንኳ የማያውቅ መስሎ ወንድሙን የሚገድል ክርስቲያን፣ ከዚያ ከአጫዋቹ ይልቅ ምን ምክንያት ያቀርባል?

የፊልሙ የመጨረሻ ሥዕል ይህ ነው። ዕውሩ ጹሩማሩ በተቃጠለው በአባቱ ግንብ ፍርስራሽ ጫፍ ላይ ብቻውን ቆሟል። እኅቱ እመለሳለሁ ብላው ነበር፤ መሞቷን ግን አላወቀም። በበትሩ እየዳሰሰ ሲራመድ ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰ፤ በደነገጠም ጊዜ እኅቱ ይጠብቅህ ብላ የሰጠችው የአሚዳ ቡድሃ ሥዕል ከእጁ ወደቀ። ከዚያ መሣሪያው እየራቀ ይሄዳል፤ በምሽቱ ሰማይ ሥር አንድ ትንሽ ሰው ብቻ ይቀራል። ብዙዎች ይህን አይተው ፊልሙ ተስፋ የሌለው ነው ይላሉ። እኔ ግን ለዕውሩ አፋፉን የሚነግረው ሰው ባይኖርም፣ አፋፉን የሚያይ ተመልካች መኖሩን እቈጥራለሁ። ያ ተመልካች እኔና አንተ ነን። ሠሪው በዚያ ስፍራ ማንንም ያላቆመው፣ ቦታው የእኛ እንዲሆን ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልናዘዝና ልጨርስ። ይህን ፊልም መጀመሪያ ባየሁ ጊዜ ከልቤ ያልጠፋው እሳቱ ነበር፤ ባንዲራውን፣ ነጭ ልብስ ለብሶ ከሚነደው ግንብ ደረጃ የሚወርደውን ሽማግሌ፣ መንገድ የሚለቁለትንም ወታደሮች ለሰው ሁሉ አወራሁ። ሁለተኛ ጊዜ ሳየው ግን በመጀመሪያው ክፍል ላይ አንዲት ትንሽ ነገር አየሁ። ሽማግሌው በኮረብታው ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሁሉም ትተውት ሲሄዱ፣ ታናሹ ልጅ ቅርንጫፍ ቈርጦ፣ ፀሐይ እንዳይመታው በአባቱ አጠገብ ተከለለት። አባትየው ተኝቶ ነበርና አላየም። እኔም ነቅቼ ሳለሁ አላየሁም፤ አይቼው እንኳ ቢሆን ረስቼዋለሁ። ከዚያች ጥቂት ጥላ በኋላ የሚመጣው ሁሉ፣ ያ ግንብ፣ ያ ሠራዊት፣ ያ እሳት ሁሉ፣ አንድ አባት የተተከለለትን ቅርንጫፍ ባለማየቱ የመጣ ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ፣ አንባቢ ሆይ፣ ከባድና ያማረ ሥራ ሲያጋጥምህ ስለ ክብደቱ አትሽሸው፤ ስለ ውበቱም ብቻ አታመስግነው። አንድ ጊዜ ለዓይንህ፣ አንድ ጊዜም ለልብህ እየው፤ ከተፈጸመም በኋላ ወዲያው ለጨዋታ አትነሣ፤ ጥቂት ዝም ብለህ ተቀመጥ። ከዚያም ወደ ቤትህ በተመለስህ ጊዜ፣ ለአንተ ቅርንጫፍ የተከለልህ ማን እንደሆነ፣ እውነት ስለ ተናገረህ ያራቅኸውም ማን እንደሆነ መርምር። ይህን ያደረግህ እንደሆነ፣ ያማረው እሳት በከንቱ አልነደደም። ቤት ሳይቃጠል ጥላውን ለማየት የሚበቃ ዓይን፣ እርሱ ባለቤቱ እግዚአብሔር ለሁላችን ይስጠን።